የሚጣ ግራ ዓይን

ጎሚስታው እጁን እንደገና ሳሙና አለበሰው። ቅድምም ታጥቧል፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ ጎማ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ እጅ በአንድ መለቃለቅ እሺ አይልም። ጥፍሩን በብሩሽ ፈገፈገ፣ ጣቶቹን አገላብጦ አያቸው፣ በንጹሕ ፎጣ አደረቀና ወደ ጠረጴዛው ሄደ።

የሚስቱ እናት ልጁን ሚጣን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ይጠብቁታል። ሚጣ ገና ዓመት ተኩል ቢሆናት ነው። ከተወለደች ጀምሮ ግራ ዓይኗ ላይ ሞራ ነበረባት፤ ሐኪሞቹ ሲያወጡት ዓይኗ አብሮት የተፈጠረውን ሌንስም አጣ። በምትኩ ጠዋት ጠዋት ከጥፍር የማይበልጥ ለስላሳ ሌንስ ይደረግላታል፤ ማታ ወጥቶ ይጸዳል። ይህን ሁሌ የምታደርገው እናቷ ነበረች። ዛሬ ግን እናቷ አዲስ ሥራ ጀምራ ገና ሳይነጋ ወጥታለች።

«አንድ ቀን ብትዘለው ምን ትሆናለች?» አሉ አያትየው። «እናቷ ስትመጣ ታደርግላት። ይሄ ጣትህ እኮ ለዓይን አልተፈጠረም፤ አትቀየመኝ ልጄ።»

«ምን እቀየማለሁ እማማ፣ እውነትዎን ነው። ግን እሷ እስክትመጣ ይመሻል። ሐኪሙ ያለውን አብረን ሰምተናል፤ ያ ዓይን ሥራ ከፈታ ማየት ይረሳል። ዛሬ ደክሞን ተውነው፣ ነገ አልቅሳ ተውነው፣ ከዚያ በኋላ ብንለምነውም አይመለስልን።»

አያትየው ከንፈራቸውን መጠጡና ሚጣን ጭናቸው ላይ አደላደሏት።

ትናንት ማታ ሌንሱን ያጠበው እሱ ነው፤ ሚስቱ አጠገቡ ቆማ እያየችው። መዳፉ ላይ አድርጎ በተዘጋጀው የጨው ውሃ አሸት አሸት አደረገው፣ አለቀለቀው፣ በሌንሱ መያዣ ውስጥ ካለችው ትንሽ ቅርጫት ከተተው። ከዚያ ቀይ ክዳን ካለው ጠርሙስ ፔሮክሳይድ የሚባለውን ማጽጃ እስከ ምልክቱ ሞልቶ ዘጋው። ወዲያው አረፋው ይንተከተክ ጀመር።

«ጀርሙን የሚገድለው ይሄ ነው» አለችው ሚስቱ። «ከታች ያለችው ክብ ነገር ደግሞ ቀስ እያለች ታበርደዋለች። ሌሊቱን ካደረ ውሃ ነው። ሳይበርድ ዓይን ከነካ ግን እሳት ነው፣ እሳት!»

አሁን አረፋው ሞቷል። መያዣዋን ከፍቶ ሌንሱን በጣቱ ጫፍ አነሣው።

«እማማ፣ ጭንቅላቷን ደገፍ ያድርጉልኝ።»

ገና ጣቱ ሲጠጋ ሚጣ ነገሩ ገባት። ፊቷን አኮማትራ እሪታዋን ለቀቀችው። የዓይኗን ቆብ ሊገልጥ ሲል ተወራጨች፤ ሌንሱ ተንሸራቶ ፎጣው ላይ ወደቀ።

«እኔን ይድፋኝ!» አያትየው በአንድ እጃቸው ልጅቷን እንደያዙ በሌላው ያገኙትን ጠርሙስ አቀበሉት። «በል ቶሎ በመድኃኒቱ ለቅለቅ አድርገውና ጨርሰው! ልጅቷ እኮ ነፍሷ ሊወጣ ነው።»

ተቀበላቸው። ክዳኑን ሊያዞር ሲል ዓይኑ ቀዩ ላይ አረፈ። እጁ ባለበት ቀረ።

«ይሄ አይደለም፣ እማማ። ይሄ ያልበረደው ነው።»

«ሁለቱም ውሃ አይደሉም እንዴ?»

«መምሰሉንማ ይመስላሉ።» ጠርሙሱን መደርደሪያው አናት ላይ አርቆ ሰቀለው። «ይሄ ዓይኗ ውስጥ ቢገባ ኖሮ አሁን የሚሰሙት ለቅሶ ሳቅ ነበር።»

አያትየው አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። «በገዛ እጄ ላሳውራት ነበር?»

«እኔም ልከፍተው ነበር እኮ። አብረን ነው የተረፍነው፤ ይተዉት አሁን።»

ይህን ሲላቸው የራሱም ልብ ረጋለት። ዳግመኛ እጁን ታጠበ። ሌንሱን በጨው ውሃው ደጋግሞ አለቀለቀ፣ ወደ ብርሃኑ ይዞ ጠርዙን መረመረ፤ አልተቀደደም፣ አልተገለበጠም። ሚጣ አሁንም ትነፋረቃለች። አልቸኮለም። ፊት ለፊቷ ተንበረከከና ጉንጩን እንደ ጎማ ነፍቶ አየሩን በከንፈሩ ለቀቀው። «ፍስስስስስ!»

ለቅሶዋን አቋርጣ አየችው።

እንደገና ነፋ፣ እንደገና አስተነፈሰ። አያትየው ሳያስቡት ሳቅ አመለጣቸው። ሚጣም እንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ ፈገግ አለችና ቀና ብላ የአባቷን ጉንጭ በጣቷ ልትወጋ ስትንጠራራ፣ በአንድ እጁ የዓይኗን ቆብ ገልጦ በሌላው ሌንሱን አሳረፈው። ጣቱን ቀስ ብሎ አነሣ። ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች። ሌንሱ ቦታውን ይዟል።

«ገባ?» አሉ አያትየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ገባ።»

ግራው ብቻውን እንዲሠራ ደህናውን ዓይኗን ሐኪሙ ባዘዘው ተለጣፊ መሸፈኛ ሸፈነው። አሁን ለሚጣ ዓለም ያለው በግራ በኩል ብቻ ነው። ያ እርጥብ ዓይን ጠረጴዛውን ዞረ፣ መስኮቱን አለፈ፣ ወደ አያቷ ደረት ተመልሶ እዚያ ቆመ። እጇን ዘረጋች። ከጥቁሩ ሹራብ ላይ ፀጉር የምታክል ነጭ ክር በሁለት ጣቶቿ መዘዘች፤ አባቷ ጭራሽ ያላስተዋላትን።

ወደ እሱ ዞረችና ክሯን ዘረጋችለት።

«እንካ» አለችው።