መሪ የሚይዘው ሳጥን

«ጩኸቱን ቁረጪልኝ» አለ ዒልሚ፣ ክዳኑ የተነሳውን ሳጥን ወደኔ እየገፋ። «ሌላው ሁሉ ተስተካክሏል። እሱ ብቻ ይቅር።»

ከጠዋት ጀምሬ ሳጥኑን ስቧጭር ነው የዋልኩት። መጋላ ገበያ ውስጥ የምጠግነው የዲሽ ሪሲቨር፣ የሠርግ ቤት አምፕሊፋየርና የባጃጅ ቴፕ ነው፤ ባሕር የሚያውቅ ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ይሄኛው የአሮጌ ሞተር ጀልባ አውቶፓይለት ነው፤ አቅጣጫውን ከነገሩት መሪውን ራሱ ይይዛል። ጨው ቦርዱን በልቶት አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። የሞቱትን ካፓሲተሮች ቀይሬ፣ የተበላውን መስመር በቀጭን ሽቦ ቀጥዬ፣ ከመኪና ባትሪ ጋር ሳገናኘው ነፍስ ዘራ። ወደ ግራ ሳዞረው ሞተሩ ወደ ቀኝ ይጎትታል። በሥራዬ ደስ ብሎኛል፤ ያስጠላኝ ባለቤቱ ነው።

ዒልሚ የባሌ ወንድም ነው። ዋርሳ ከደጅ አይመለስም ተብሎ እንጂ ለኔ ቢተውልኝ ደጄን አይረግጥም ነበር። ታናሽ እህቴ ፋርሒያ ከቤት ጠፍታ ጅቡቲ፣ ኦቦክ ላይ የየመን ጀልባ እየጠበቀች ነው ከተባለ ወዲህ እናቴ እንቅልፍ የላትም። ማን እንደወሰዳት ሰፈሩ ሁሉ ያንሾካሹካል። እሱ ግን በቁርኣን ምሎ ካደ፤ እኔ ዓሣ አስጋሪ ነኝ አለ። ይኸው ዛሬ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሳጥኑን ተሸክሞ መጣ።

ጩኸቱ ምኑን እንደከበደው ጠየቅሁት። ሳጥኑ በየመሐሉ ይጮኻል። መሪው አጠገብ ያለ ሰው ቁልፉን ከነካለት ዝም ብሎ መንገዱን ይቀጥላል፤ ማንም ካልነካው መሪውን ይለቃል። የሠራው ሰው ካፒቴኑ እንዳይተኛ ብሎ ነው ያበጀው። ዒልሚ ካፒቴኑን ይረብሸዋል አለኝ። እጁን ዘርግቶ አንድ ቁልፍ መንካት ያቃተው ምኑን ካፒቴን ሆነ አልኩት። ጫቱን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አዛወረና ወንድሙ እንዲህ ያለችውን ምላሰኛ እንዴት እንደቻላት እንደሚገርመው ነገረኝ። ከዚያ ሙቀቱ ነው መሰል ትዕግሥቱ አለቀ።

«ሰው ባይኖርም ዝም ብሎ ይሂድ ነው የምልሽ አቦ።»

ሰው ባይኖርም። ቃሉ ካመለጠው በኋላ እሱም ሰማው። ዓሣ የምታሰግር ጀልባ ሰው አታጣም። ሰው የምታጣው፣ ካፒቴኑ ባሕሩ መሐል ላይ ተሳፋሪውን ለሳጥን ትቶ በሌላ ጀልባ ሲመለስ ነው። ከዚያ ጠባቂ መርከብ ቢመጣ የሚያዝ ደላላ የለም። የጋለውን መበየጃ አንስቼ ቦርዱን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ያዝኩት።

«ፋርሒያን አምጣና ሳጥንህን ውሰድ።»

ይለምነኛል፣ ካልሆነም ይመታኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ስልኩን አውጥቶ ደወለና ላውድ ስፒከር ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ለራሷ ንገሪያት አለኝ።

የፋርሒያ ድምፅ ከነፋስ ጋር ተቀላቅሎ መጣ። ሁሉንም ነገርኳት። ካፒቴኑ ጥሏችሁ ይወርዳል፣ መሪውን የሚይዝ ሰው የለም፣ ነይ ተመለሺ፣ እናታችን እንኳ አትቆጣሽም አልኳት።

«አውቃለሁ አባዮ» አለች። በሶማሊኛ እህቴ ማለቷ ነው፤ እንዲህ የምትለኝ አንድ ነገር ስትፈልግ ነው። «ያለፈችውን ጀልባ መሪዋን በገመድ አስረው ነው የለቀቋት። አልደረሰችም። ሳጥን እንዳላቸው ያየሁት እኔ ነኝ፤ እህቴ ትጠግነዋለች ብዬ ወዳንቺ የላክኋቸውም እኔ ነኝ። አጠገቡ የምቀመጠውም እኔ ነኝ።»

አትሄጂም አልኳት።

«ሳጥኑ መጣም ቀረም እሄዳለሁ። በገመድ አትስደጂኝ።»

ዒልሚ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ጠላሁት። ያን ሰዓት እሷንም ጠላኋት። እዚሁ ጠረጴዛ ሥር ብሎን እየለቀመች ነው ያደገችው፤ የመበየጃ አያያዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። መበየጃው አሁንም ቦርዱ ላይ ተንጠልጥሏል። ብነካው ሳጥኑ ያበቃለታል፤ እሷ ግን አትመለስም።

መበየጃውን ማስቀመጫው ላይ መልሼ ሰካሁት። ዒልሚ እፎይ ብሎ እጁን ወደ ሳጥኑ ሲሰድ መትቼ መለስኩት። ጩኸቱ አይቆረጥም አልኩት። ተሳፋሪው ይሰማል፣ ይረበሻል፣ ጀልባዋን ይገለብጣታል እያለ ቁጣ ቁጣ አለው። ጩኸቱ ከሌለ ሳጥኑንም እንደማያገኘው ነገርኩት። መበየጃውን አየት አደረገና ተመልሶ ተቀመጠ።

ስልኩን ወደ ሳጥኑ አስጠጋሁት። «ፋርሒያ፣ አዳምጪ» አልኩና ቁልፉን ሳልነካ ጠበቅሁ። ዒልሚም ማላመጡን ተወ። ሳጥኑ ድንገት ጮኸ፤ ጆሮ የሚበሳ ቀጭን ጩኸት ነው፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሳይቀር ማሽኑን አቆመ።

«ሰማሽው?»

«ሰማሁ።»

ይሄንን ስትሰሚ ቁልፉን ንኪ፣ ቢያቅለሸልሽሽም፣ ሰው ቢጮኽብሽም ከአጠገቡ እንዳትነሺ፣ ደግሞ እንዳትተኚ አልኳት። እሺ አለች።

«አንዴ ድገሚልኝ» አለችኝ።

ቁልፉን ነክቼ ዝም አሰኘሁትና እንደገና እስኪጮህ አብረን መጠበቅ ጀመርን።