ጫፉን ብቻ

ፀጉር አስተካካዩ አባት በራሱ የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ መቀሱን ለአሥራ አምስት ዓመት ልጁ ሲዘረጋላት፣ ሪዙ ገና ከአሁኑ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሪዙ ከሚስቱ ቀጥሎ የሚኮራበት ሀብቱ ነው፤ ሚስቱ ግን «ቀጥሎ» የሚለውን አታምንም።

«በይ እመቤቴ፣ አንቺም ሪዜን ቁረጪና እንታረቅ» አላት። ባለፈው «ጫፉን ብቻ» ብሎ ፀጉሯን እስከ ጆሮዋ ከከረከመው ወዲህ፣ ማበጠሪያ እንኳ ከእጁ አትቀበልም ነበር። ሰፈሩ «ኦቲዝም ስላለባት ነው» ቢልም፣ እሷ ያኮረፈችው ቃሉን ስለበላ ነበር።

«ምን ያህል ልቁረጥ?» አለች፣ ዓይኗን ከመቀሱ ሳትነቅል።

«ጫፉን ብቻ» አለና በገዛ አፉ መጠመዱ ሲገባው ዓይኑን ጨፈነ። በሩ ላይ የቆመችው እናት «ዛሬስ አለቀለት!» ብላ ሳቋን አፈነች።

መቀሱ አንዴ ቀጭ አለ። አባት ፈራ ተባ እያለ መስታወቱን ቢያይ፣ ሪዙ እንዳለ አለ። ጭኑ ላይ የወደቀው ዓይን የማይሞላ ብናኝ ፀጉር ነበር።

«ጫፍ ማለት ይሄ ነው» አለችው። ከዚያም መቀሱን በመያዣው በኩል አዙራ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«በል ተነስ አባዬ፣ ተራው የእኔ ነው።»