ፀጉር ቤት የቀሩ እጆች

እናቴ ጥሩወርቅ በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ጡረታ ወጣች። አከርካሪዋ ተጎድቶ ከወገቧ በታች አልታዘዝ ብሏት ነበር። ጉዳቱ ለጸናበት ሰው ሕጉ ስድሳ እስኪሞላህ ጠብቅ አይልም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጅ የለመደው ሁሉ ለመሥሪያ ቤቱ ይቀራል። እማዬ ሹሩባ ሠሪ ነበረች። በፈረመች ማግስት ከመሥሪያ ቤቱ መጥተው፣ ለብረት እጆች ሊሰጡት ከአሥር ጣቶቿ ወሰዱት። እኛ ሙያዋን ብቻ መስሎን ነበር።

ትናንት ለፋሲካ ሹሩባ ልሠራ እማዬ ትሠራበት ወደነበረው ፀጉር ቤት ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ሁለት የብረት እጆች ከኋላዬ መጥተው ፀጉሬን ከፋፈሉት። ከጆሮዬ ጀርባ ሲደርሱ ቀስ አሉ። በልጅነቴ ከደረጃ ወድቄ፣ እማዬ በባዶ እግሯ አቅፋኝ ሐኪም ቤት የሮጠች ጊዜ የተሰፋሁበት ጠባሳ እዚያ ነው። እጆቹ እንዳያመኝ ዞረው አለፉት። እማዬ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የምታደርገው። እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ።

ቤት ስገባ አልጋዋ አጠገብ ተንበረከክሁ።

"ነይ እስኪ ልዳብሰው" አለችኝ። "ውይ፣ ሲያምር! ማን ሠራሽ?"

"አንቺው ነሽ፣ እማዬ።"

ሳቀች። ጣቶቿ እንደ እንግዳ ሰው ጣት እየፈሩ ጉንጉኑን ተከትለው ወረዱ። ከጆሮዬ ጀርባ ሲደርሱ ቆሙ። ሳቋም ቆመ።

"እዚህ ጋ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?" አለች። "ምነው ሳትነግሪኝ?"