አንድ ጉንጭ ውሃ

ልጅቷ ትናንት የወሰደችውን ቅርንፉድ ጨርሳ ስትመለስ እብጠቱ ከጉንጯ ወደ አንገቷ ወርዶ ነበር። የቅመም ሻጯ እጅ ሚዛኑ ላይ እንዳለ ቀረ። «ጥርስሽ ላይ ያዢበት» ብላ የሰጠቻት እሷው ራሷ ነበረች።

«እትዬ፣ ይጨምሩልኝ። ፍቱን ነው፤ አሁን ጨርሶ አያመኝም» አለች ልጅቷ፣ መንጋጋዋ ሳይላቀቅ። ከገበያው በር ላይ፣ ባሕር ተሻጋሪዎቹን በጅቡቲ ጠረፍ ኦቦክ ላይ ወደሚጠብቃቸው የየመን ጀልባ የሚያደርሰው መኪና ክላክስ አደረገ።

«ልጄ፣ ቅርንፉድ ያደነዝዛል እንጂ መግል አያደርቅም። ተነሽ፣ ሐኪም ቤት ልውሰድሽ።»

«ያመልጠኛል! ደላላው የታመመ አልጭንም ብሏል። በማርያም ይዤዎታለሁ!»

ሴትዮዋ ከጆንያው አንድ እፍኝ ቅርንፉድ ዘገነች። በሌላ እጇ የውሃ ጠርሙሷን አቀበለቻት።

«እብጠቱ ጉሮሮሽን እንዳልዘጋው ልይ፤ አንድ ጉንጭ ብቻ ዋጪልኝ። ከዋጥሽ ይህ ሁሉ ያንቺ ነው፤ በሰላም ሂጂ።»

ልጅቷ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ከንፈሯ አስጠጋች። ዓይኗን ጨፈነች፤ አንገቷን አቃናች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ጉሮሮዋ ግን ንቅንቅ አላለም። ውሃው በከንፈሯ ጥግ ተመልሶ ወጣ፤ አገጯን አልፎ ያበጠውን አንገቷንና ደረቷን አራሰው። መኪናው እንደገና ጮኸ። በሻሿ ጫፍ አገጯን ቶሎ ጠረገችና ባዶ መዳፏን ዘረጋች።

«ዋጥኩት» አለች።