የእትዬ በር

ጤና ሠራተኛዋ የሕፃኗን የሆድ ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ፤ አልመለስ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እትዬ?»

«ከረቡዕ» አለች ታላቅ እህቷ፣ የልጅቷ እናት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሚጣዬን እንደ ውሃ ነው የሚያስቀምጣት። ምግብ ሠሪዬም ዛሬ ከአልጋ አልተነሣችም።»

ከጓዳው መጋረጃ ወዲያ የምሳ ደንበኞች ይሳሳቃሉ።

ጤና ሠራተኛዋ አንገቷን ደፋች። በየሳምንቱ ቤት ለቤት ዞራ «የታመመ አለ?» ብላ ትጠይቅና፣ ዓርብ ቀትር ላይ ቁጥሩን ለጤና ቢሮ ትናገራለች። የሰፈሩን በር አንድም አታስቀርም፤ ይህችን ብቻ ሳትጠይቅ «ደኅና» ብላ ጽፋ ታልፋለች። ያሳደገችኝ እህቴ ቤት ምን ይጠየቃል ብላ ነው እንግዲህ። ረቡዕም እንዲሁ አለፈች።

ዛሬ ዓርብ ነው፤ ስልኳ ጮኸ። እትዬ እጇን ለቀም አደረገቻት።

«ቤቱን ያሽጉብኛል! አንቺንስ ያስተማርኩሽ በምን ሆነና፣ በዚሁ ድስት አይደለም? አንድ ዓርብ ዝም ብትዪ ሰማይ ይደፋል?»

«እትዬ፣ ልቀቂኝ።» በሌላ እጇ ስልኩን አነሣች።

«ወይዘሮ ዜሮ!» አለ የቢሮው መዝጋቢ በስልኩ ውስጥ። ዘወትር ዜሮ ስለምትለው ያወጣላት ስም ነው። «እንደለመድነው ልጻፈው?»

ሕፃኗን አየቻት። ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ለማልቀስ ትሞክራለች፣ እንባ ግን የላትም።

«አይ፣ ሁለት ጻፍ። ሁለቱንም እንደ ውሃ ያስቀምጣቸዋል። አንዷ ሕፃን ናት፤ መኪና ላክልኝ፣ አሁኑኑ።»

ሳቁ ከድምፁ ጠፋ። «ከማዶ ሰፈር ጠዋት ሦስት ሰው እንዲሁ ታሞ ሆስፒታል ገብቷል። በሽታውን ከየት እንዳመጡት ግራ ገብቶን ነው ያለነው። የማን ቤት ነው?»

እትዬ ዓይን ዓይኗን ታያታለች።

«የእህቴ» አለች። «የእህቴ ምግብ ቤት ነው።»

እትዬ እጇን ለቀቀቻት። ሽርጧን ፈታች፣ ልጅቷ እግር ላይ ጣል አደረገችላትና መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«ይኸው ስንት ዘመን ብሉልኝ፣ ብሉልኝ ስላችሁ ኖርኩ» አለች ለደንበኞቹ። «ዛሬ በፈጠራችሁ፣ አትብሉ።»

ደጃፉ አጠገብ የተቀመጠው ሽማግሌ ማንኪያውን አፉ ጋ እንዳደረሰ ቀረ።