የእሑዱ ፊልም

ዱዌይን ያንን የጠፈር ፊልም የጠላው ጠጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው። በልጅነቱማ ሴዳር ራፒድስ ከተማ በረዶ ላይ ተሰልፎ ሲኒማ ቤት ገብቶ፣ አባቱ ለስተር አጠገቡ እያንኮራፉ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ነበር ያየው። አሁን ግን አባቱ የሚኖሩበት የአረጋውያን ቤት እየሄደ እሑድ እሑድ ያንኑ ማየት አንገፍግፎታል።

"ዛሬ ሌላ አምጥቻለሁ አባዬ። ደግሞ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።"

"አይ፣ ያኛውን ክፈትልኝ። ግሩም ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"ባለፈው እሑድ አይተነው የለ እንዴ?"

"አይተነዋል?"

ዱዌይን ጥርሱን ነክሶ ከፈተ። አስታማሚዋ ሮንዳ ፈንዲሻ ይዛ ገባች።

"ልጅሽ ሐሙስ የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን አለፈች?" አሏት ለስተር።

"አለፈች አባባ። አሁን መኪናዬን አላስነካ ብላኛለች።"

ፊልሙ ውስጥ አንድ ዓይናው አብራሪ የጠፈር መርከቡን አስነስቶ ወደ ጥቁሩ ሰማይ ገባ። ለስተር ግን የሚያዩት ቴሌቪዥኑን ሳይሆን ልጃቸውን ነበር። ሐሳባቸውን መሰብሰብ አቅቷቸዋል አለ ዱዌይን በልቡ።

ፊልሙ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ካፖርቱን አነሳ። ሽማግሌው ክንዱን ያዙት።

"ቆይ እንጂ። መርከቧ ትፈነዳለች?"

"አትፈነዳም አባዬ። አንድም እሑድ ፈንድታ አታውቅም።"

"ጎሽ። እስቲ ትንሽ ወደኋላ መልሰው፤ አምልጦኛል።"

የእሑዱ የኳስ ጨዋታ እያመለጠው፣ ሚስቱ ምሳ አቅርባ እየጠበቀችው፣ መለሰው። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ያልጠገበውን ፊልም እሱ እንዲህ መጥላቱ ራሱ ያበግነው ነበር። ከዚያ የባሰው ግን አባቱ ነገ የእሱንም ስም ይረሱ ይሆናል የሚለው ስጋት ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ ቁርጡን ወሰነ። አባቱ የመርሳት ሕመምተኞች ወዳሉበት፣ በሩ ወደሚቆለፈው ክፍል ይዛወሩ። ከመሄዱ በፊት ለሮንዳ ይነግራታል። አባቱን ግንባራቸውን ስሞ ወጣ።

ኮሪደሩን ሁሉ ዞሮ አጣት። ተመልሶ ሲመጣ አባቱ ክፍል ውስጥ ሆና የፈንዲሻውን ሳህን ታነሳለች። በሩ ገርበብ ብሏል። ለስተር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያናግሯታል።

"ሮንዳ፣ ለሚቀጥለው እሑድ ከዚህ የሚረዝም ፊልም ታገኚልኛለሽ?"