ፊልሙና ሲዲው

በሺር የሚስቱን ነጠላ ቀስ ብሎ ይፈታል። ውስጡ ጥቁሩ ፊልም አለ፤ የልጁ የሀናን ጭንቅላት የተነሳበት። ከኮምቦልቻ ደሴ ሆስፒታል ድረስ ሚኒባሱ ሰው በሰው ላይ ሲጭን፣ እሱ ፊልሙን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ የተደገፈውን ሁሉ እየተቆጣ ነው የመጣው። አንዲት ጭረት የለበትም። ሐኪሙ ይህን እንዲያይለት ይፈልጋል።

ዶክተር ፈንታሁን ፊልሙን ወደ መስኮቱ ያነሳል። ሐኪሙ ከአዲስ አበባ የመጣው በውሰት ከተገኘ ማሽን ጋር ነው። ማሽኑ በአፍንጫ የሚገባው መሣሪያ የት እንደደረሰ በበሽተኛው ጭንቅላት ምስል ላይ እያሳየ ይመራል። ዛሬ ሠርቶ ዛሬውኑ ይመለሳል።

«ጥሩ ይዘውታል አባቴ። ሲዲውስ?»

«የምን ሲዲ?»

«ከፊልሙ ጋር የሰጡዎት። ማሽኑ ፊልም አያነብም፤ ምስሉ ከሲዲው ነው የሚጫንለት።»

በሺር አሁን ይገባዋል። ሲዲውንማ መች አጣው! ፊልሙን የሰጠችው የራጅ ክፍሏ ልጅ «ይኼም አለ» ብላ ጣል ያደረገችለት ነው። ምን እንደሆነ ማን ነገረው? ማንም። ፊልሙን ቆጥ ላይ አስቀመጠ፤ ሲዲውን አገላብጦ ሲያየው ግን ሲያብለጨልጭ ጊዜ ማሽላው ትዝ አለው።

«ቤት ከሆነ ሰው ይላኩ፣ እጠብቃለሁ» ይላል ሐኪሙ።

«ለወፍ ማስፈራሪያ ሰቅየዋለሁ። ለአራቱም ጥግ እንዲዳረስ ብዬ... ቢላ አግዬ ለአራት ከፈልኩት።»

ሐኪሙ ፊልሙን ከመስኮቱ ያወርዳል። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

«ሌላ ይነሳላት» ይላል በሺር።

«ያነሳት ማሽን ተበላሽቷል። በዚህ ሰዓት የት ይነሳል?»

«እንግዲያ እንዲሁ ይሞክሩት። በአላህ።»

«ከአፍንጫዋ ጀርባ ያለው እጢ አጥንቱን በልቶ አንጎሏ ሥር ደርሷል። ሳላይ ገብቼ በጥፍር ታህል ብስት ትሞትብኛለች።» ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «አዲስ አበባ እልካታለሁ። ግን ወረፋው ረጅም ነው፤ ዐይኗ እስከዚያ የሚቆይ አይመስለኝም።»

በሺር ፊልሙን ይቀበላል። እጁን ቢቆርጡለት ደስ ይለው ነበር።

ሀናን የኦፕራሲዮን ልብስ ለብሳ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ግራ ዐይኗ ወደ ውጭ ተገፍቷል። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራዋ የወጣችው ክሩ ሁለት ሆኖ እየታያት ሲያስቸግራት ነው።

«አባ፣ ሊያስገቡኝ ነው?»

«አብሽሪ» ይላታል። አጠገቧ ተቀምጦ ፊልሙን በነጠላው መጠቅለል ይጀምራል፤ ጠርዙ እንዳይታጠፍ እየተጠነቀቀ።

የፈራች ልጅ ወሬ ትፈልጋለች። «ማሽላውስ? ዘንድሮም ወፍ ጨረሰው?»

«ኧረ የለም» ይላል በሺር፣ ቀና ሳይል። «ዘንድሮ አንዲት ዛላ አልነኩም።»